ድምፅ ከኮርኒስ ሲመጣ

ሞቃት አገር የምትኖሩ ከሆነ ከራሳችሁ በላይ ያለው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ታውቃላችሁ። እኛ የምንኖረው አዋሽ 7 ኪሎ ነው። እዚህ ኮርኒስ ለውበት ብቻ አይሠራም፤ ፀሐይ ሲያግለው ከዋለው ቆርቆሮ የሚጋርደን እሱ ነው። መሐሉ ላይ ቬንቲሌተር ይንጠለጠላል፤ የቀረው ቦታ ባዶ ነው። ባለቤቴ ዓይኑን የጣለው በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነበር። "እዚያ ላይ አራት ስፒከር ቢገባ እኮ ቤታችን ሲኒማ ነው የሚሆነው" አለኝ።

ባለቤቴ የሚሠራው ሰመራ ነው። ሎጊያን፣ ሚሌን፣ ገዋኔንና አዋሽ አርባን አልፎ ቤቱ ለመድረስ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅበት የሚመጣው በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው። ዓርብ ማታ ይገባል፣ እሁድ ይመለሳል። አራታችንም አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረን የምንቀመጠው ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው። ያቺ ምሽት የፊልም ምሽት ናት። ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ "አባዬ ሲመጣ ምን እናያለን?" እያሉ ሲከራከሩ ይሰነብታሉ። ስለዚህ የስፒከሩ ነገር ለእኛ ከዕቃ ግዢም በላይ መሆኑን ትረዱልኛላችሁ።

እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። ዕቃ ሰውን እንዴት እንደሚያማልል ማወቅ እንጀራዬ ነው። ስለሆነም ከመግዛታችን በፊት የሚሸጥልን ነገር ምን እንደሆነ ላጣራ ተነሣሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በብዙዎቻችን ቤት ያለው ሆም ቴአትር "5.1" የሚባለው ነው። ከፊት ሦስት ስፒከር፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሁለት፣ በተጨማሪም አንድ ባስ ማለት ነው። አምስቱ ስፒከሮች ድምፅ የሚልኩልን በጆሯችን ከፍታ ገደማ ነው። "5.1.2" ሲባል የመጨረሻዋ ቁጥር ከራስ በላይ የሚጨመሩትን ሁለቱን ታመለክታለች። ይህን አሠራር በሰፊው ያስተዋወቀው ዶልቢ አትሞስ እ.ኤ.አ. በ2012 በሲኒማ ቤቶች ጀመረ፤ በ2014 ደግሞ ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ሐሳቡ ቀላል ነው። በፊልሙ ውስጥ ሄሊኮፕተር ሲያልፍ በላያችሁ ያልፋል፣ ዝናብ ሲዘንብም ከላይ ይዘንባል።

መጀመሪያ የምታዩት ሪሲቨራችሁን ነው። ሁለት ስፒከር ለመጨመር አትሞስን የሚያነብና ቢያንስ ሰባት ስፒከር ማንቀሳቀስ የሚችል መሆን አለበት፤ ለአራት ደግሞ ዘጠኝ። ከአምስቱ ስፒከሮች የአንዱን ገመድ ቀጥላችሁ ወደ ኮርኒስ ብትወስዱት ያው ድምፅ ይደገማል እንጂ አዲስ ነገር አትሰሙም። ሪሲቨሩም ከአቅሙ በላይ ሊጫንበት ይችላል።

ቀጥሎ ኮርኒሱ ራሱ ነው። ቺፕውድ ብቻውን ክብደት አይችልም። ስፒከሩ መታሰር ያለበት ከበላዩ ካለው ሞራሌ ጋር ነው። ቦታው ከመቀመጫችሁ ትክክል በላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት፣ ግራና ቀኙም ከፊት ስፒከሮች ጋር ትይዩ ይሁን። በኮርኒሱ ውስጥ የሚያልፈውን የስፒከር ገመድ ከመብራት መስመሩ አርቁት። ኮርኒስ መብሳት ለማትችሉ ተከራዮች ደግሞ ከፊት ስፒከር ላይ ተቀምጦ ድምፁን ወደ ላይ የሚረጭ ዓይነት አለ። እሱ የሚሠራው ግን ድምፁ ነጥሮ እንዲመለስ ኮርኒሱ ጠፍጣፋና ጠንካራ ሲሆን ነው። ተዳፋት ጣሪያ ወይም እንደ ድሮ ቤቶች አቡጀዲ የተወጠረበት ከሆነ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የእኛ አገር ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። ቬንቲሌተሩ ሲዞር የራሱ ድምፅ አለው፤ ስፒከሩ ከክንፉ በላይ ከሆነም ድምፁ እየተቆራረጠ ይወርዳል። ስለዚህ ከክንፉ አርቀን ነው ያሰርነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ የትኛውም ስፒከር አያሸንፈውም። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል የሙቀት መከላከያ ማንጠፍ ሙቀቱንም ጩኸቱንም ስለሚቀንስ፣ ገንዘብ ካላችሁ ከስፒከሩ በፊት እሱን አስቡ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፊልሙ በአትሞስ ካልተቀረጸ ከላይ የተለየ ነገር አይመጣም። በቴሌቪዥን የምናያቸው የአማርኛ ድራማዎች ባብዛኛው በሁለት መስመር ድምፅ ስለሆኑ ሪሲቨሩ ራሱ አከፋፍሎ ጥቂቱን ብቻ ወደ ላይ ይልካል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሂሳቡ ገባን። ያለን ሪሲቨር ለሁለት ስፒከር ይበቃል። ባለቤቴ የፈለጋቸው አራቱ ግን አዲስ ሪሲቨር ይጠይቃሉ። የዋጋውን ልዩነት በወረቀት ላይ ጻፍኩና በብር ከማየት ይልቅ በትራንስፖርት አካፈልኩት። ከሰመራ አዋሽ ስምንት የደርሶ መልስ ጉዞ ሆነ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ አየው። "ስምንት ቅዳሜ ማለት ነው" አለ በመጨረሻ። ሁለት ስፒከር ገዛን። የተረፈው ገንዘብ ባለቤቴ በማይመጣባቸው ሳምንታት እንዲመጣበት ተቀመጠ።

ስፒከሮቹ ግሩም ናቸው፤ አልዋሻችሁም። አራት ዓመት የሆናት ልጃችን በፊልሙ ውስጥ ወፎች ሲያልፉ አንገቷን ቀና አድርጋ ኮርኒሱ ላይ ትፈልጋቸዋለች። ነገር ግን በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ነገር ተገለጠልን። ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። ታላቁ ልጃችን የፊት ጥርሱ ከወለቀ ሳምንት ሆኖታል። አባቱ ያወቀው በማግስቱ ቁርስ ላይ፣ መኪና ሊሳፈር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ባህል አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም ወይም ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። ሰላምታውም፣ የሰውና የከብት ደኅንነቱም፣ የዝናቡና የግጦሹም ወሬ በየተራው ይነገራል። የሰማ ሰው ሳይጨምር ሳይቀንስ ለሌላው የማድረስ ኃላፊነት አለበት። በአንድ ጣሪያ ሥር ያለን አራት ሰዎች ይህን ሳናደርግ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተመልክተን መለያየታችን ከነከነኝ።

አሁን ቅዳሜ ማታ ሪሲቨሩ ከመከፈቱ በፊት ቡና ይፈላል። ሶፋውን ትተን ምንጣፍ ላይ ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ትንሿ ትጀምራለች፣ አባት ይጨርሳል። ሰመራ ያለው ሙቀት፣ የመንገዱ ሁኔታ፣ የትምህርት ቤቱ ጠብ፣ የእኔ አስቸጋሪ ደንበኞች ሁሉ ይወራሉ። አንዳንዴ ወሬው ረዝሞ ፊልሙ ለእሁድ ጠዋት ይተላለፋል።

እናንተም ለማስፋፋት ካሰባችሁ ሪሲቨራችሁን ፈትሹ፣ ሞራሌው የት እንዳለ እወቁ፣ ከሁለት ስፒከር ጀምሩ። ሂሳቡን ስትሠሩ ደግሞ ያ ገንዘብ በእናንተ ቤት ስንት ቅዳሜ እንደሚገዛ አስሉ።