ታጠቅ የተባለው መቼ ነው?

የአባቴ ታናሽ ወንድም ስሙ ታጠቅ ነው። በቤታችን የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው፤ በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲወርረን፣ ሚሊሺያው ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ባለው የታጠቅ ጦር ሰፈር ሲሠለጥን ተወለደ፤ ስሙም ከዚያው ተወሰደ። የዚያ ዘመን ልጆች አብዮት፣ ዘመቻ፣ ትግሉ ሲባሉ ለሰማ ሰው ይህ ምኑ ያጠራጥራል? እኔም የአጎቴን የአንደኛ ክፍል ካርድ እስካይ ድረስ አልጠረጠርኩም። ካርዱ የ1973 ነው፤ የትውልድ ዘመኑ ግን 1966 ይላል።

በ1966 ንጉሡ ገና ከዙፋናቸው አልወረዱም። ደርግ ራሱ የተቋቋመው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ ሰኔ ላይ ነው።

አባቴ «ካርድ ምን ያውቃል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዓመቱን የሚሞላው ጸሐፊው በግምት ነበር። ነገር ግን ያኔ ልጅ ለትምህርት የሚደርሰው እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ማዶ ያለውን ጆሮ ሲነካ ነው። በ1969 የተወለደ ልጅ በ1973 ገና አራት ዓመቱ፤ እጁ እንዴት ይደርሳል? ልደቱን እንግዲህ ለካርዱ ለቀቅሁ። ስሙስ? ሌላ ስም ኖሮት ኋላ ተለውጦ ቢሆንስ?

ይህን ያሰብኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሴት አያቴ እስክትሞት ድረስ እሸቱ ነበር የምትለው። አባቴ እንደሚለው የመጀመሪያ ስሙ ይኸው ነው፤ ታጠቅ የመጣው ልጁ ቀበሌ ሲመዘገብ ነው። ታላቅ አክስቴ ደግሞ «እሸቱ የእናታችን የቁልምጫ ስም ነው፤ ታጠቅ ያለው አባታችን ነው፣ ገና አራስ ሳለ» ትላለች። ከአንድ ማጀት የወጡ ሁለት ምስክሮች! ክርስትና ሲነሣ የሚያስታውሱ አንዲት ዘመድ ጋ ሄድኩ፤ እሳቸው የያዙት የክርስትና ስሙን ብቻ ሆነ።

ከዚያ ፎቶው ተገኘ። ከጀርባው የፎቶ ቤቱ ማኅተም ጥቅምት 1968 ይላል፤ ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ታጠቅ» ተብሎ ተጽፏል። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። አክስቴ አየችውና «ጽሑፉ የኔ ነው፤ መቼ እንደጻፍኩት ግን እንጃ» አለች። ማኅተሙ ለጽሑፉ አይመሰክርም።

መንገዱን የቀየረው እግረ መንገዷን የጣለችው ነገር ነው። ማንበብ የማይችለው አያቴ የአቤ ጉበኛን «አንድ ለናቱ» እሷን ያስነብባት ነበር። መጽሐፉ የአፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። አያቴ የደብረ ታቦር ሰው ነው፤ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራበት ጋፋት ጎረቤቱ። የቴዎድሮስ የፈረስ ስም ደግሞ አባ ታጠቅ ነው! እንዲህ ከሆነ ስሙ ጦር ሰፈሩን መጠበቅ አላስፈለገውም።

አባቴስ ስሙ ካሳ አይደል? የቴዎድሮስ የልጅነት ስም። ደስ አለኝ፤ ብዙም አልቆየልኝም። ከአባቴ በፊት የተወለደ ልጅ ሞቷል፤ ከሞተ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ካሳ ማለት ደግሞ የአገር ልማድ ነው። አያቴ ሟቹን ልጅ አስቦ ነው ወይስ ንጉሡን? ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ይህን ማስረጃ ለየትኛውም ወገን አልቆጥረውም።

አጎቴ ራሱ ሲጠየቅ ይስቃል፤ «የሚጠሩኝ ሌሎች፣ እኔ ምን ላውቅ!»

የኔ ፍርድ፣ ይግባኝ እንዳለው ሆኖ፣ ይህ ነው፤ አጎቴ በ1966 ወይም ለዚያ ቅርብ በሆነ ዓመት ተወለደ፣ አያቴ ከአባ ታጠቅ ስም አወጣለት፣ በ1969 ሰፈርተኛው ስሙን ከጦር ሰፈሩ ጋር ሲያገናኘው ማንም አላረመም። በዚያ ጊዜ እንዲህ ያለ ስም ለቤተሰብ ምን ይጎዳል? አባቴ ግን እስከዛሬ አልተቀበለኝም። አንባቢ ሆይ፣ ከ1969 በፊት ታጠቅ የተባለ ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ የሚያስታውስ ሰው በሕይወት ሳለ ስሙን ማን እንዳወጣለት ጠይቁልኝ።