ሰዋስው ለጽሕፈት፦ ይሰጥ ወይስ ይቅር?

በትምህርት ክፍላችን ደጋግሞ የሚነሳ ክርክር አለ። አንዳንዶቻችን «የተማሪው ጽሑፍ የተበላሸው ሰዋስው ስለማያውቅ ነው፤ ከስምና ከግስ ጀምሮ እንደገና ይማር» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ተዉት፣ በንባብ ይመጣል» ባዮች ነን። እኔ በሁለቱም አልስማማም። ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምረው እኛው ነንና ጉዳዩ የሻይ ቤት ወሬ ሆኖ ባይቀር ደስ ይለኛል።

ለመጀመሪያው ወገን መልስ ከተሰጠ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 ብራዶክ፣ ሎይድ ጆንስና ሾር የተባሉ አሜሪካውያን ስለ ጽሕፈት ትምህርት የተደረጉ ጥናቶችን መርምረው፣ ሰዋስውን ለብቻው ማስተማር ጽሑፍን ለማሻሻል ያለው ጥቅም ኢምንት ነው፤ እንዲያውም የመጻፊያውን ጊዜ ስለሚሻማ ሊጎዳ ይችላል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የግራሃምና የፔሪን ዘገባም ከዚህ አልራቀም። በአንጻሩ ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመር ማለማመድ እንደሚጠቅም አሳይቷል። ጥናቶቹ በአመዛኙ እንግሊዝኛን ይመለከታሉ። ታዲያ የኛስ? በሁለተኛ ደረጃ ባለቤትና ተሳቢ ለይተን መልሱን ከብበናል፤ አንድ ገጽ ጻፉ ስንባል ግን ያ ሁሉ እውቀት ድራሹ ይጠፋል።

እስቲ ይህን ዓረፍተ ነገር እንይ፦ «ዝናቡ ስለዘነበ መኪናው ዘግይቶ ስንደርስ ፈተናው ተጀምሮ ከልክለውን ተመለስን።» አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ጸሐፊው ሳያስበው አምስት ባለቤት ደራርቧል፦ ዝናቡ፣ መኪናው፣ እኛ፣ ፈተናው፣ ስማቸው ያልተነሳው ከልካዮች። ለዚህ ልጅ የግስ ዓይነቶችን ማስዘርዘር ምን ይረባዋል? «እዚህ ጋ ማነው የሚሠራው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሰዋስው ማለት እኮ ይኸው ነው፤ ግን በራሱ ጽሑፍ ላይ፣ በሚያስፈልገው ሰዓት የመጣ ሰዋስው።

ወይም ይኸኛውን፦ «አስቴር እናቷን ስታገኛት እያለቀሰች ነበር።» ማን ነበረች የምታለቅሰው? «አስቴር ስትደርስ እናቷ እያለቀሰች ነበር» እና «አስቴር እያለቀሰች ሄዳ እናቷን አገኘቻት» ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። ተማሪው ሁለቱን ጽፎ አንዱን ሲመርጥ፣ ሰዋስው የቅጣት መዝገብ መሆኑ ቀርቶ የትርጉም መምረጫ ይሆንለታል።

«በንባብ ይመጣል» ለሚሉት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ጮክ ብለህ አንብበው፣ ጆሮህ ይነግርሃል የሚለው ምክር አፉን በአማርኛ ለፈታ ተማሪ ይሠራል። አፋን ኦሮሞ ወይም ወላይትኛ ሲናገር ላደገው የዶርም ጓደኛችንስ? «ፀሐይ ወጣች» የምንለው ለምን እንደሆነ እኛ ሳናውቅ እንለዋለን፤ እሱ ግን የሚነግረው ይፈልጋል። ሕጉን ደብቆ በውጤቱ መቅጣት የምር ፍርደ ገምድልነት ነው።

የእርማቱም ነገር ይታሰብበት። አንድ የማውቀው ልጅ ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ከተመለሰለት በኋላ አጫጭርና የማያሳስቱ ዓረፍተ ነገሮች ብቻ መጻፍ ጀመረ። ስህተቱ ቀነሰ፤ የሚለው ነገርም አብሮ ቀነሰ። ማርኩ ከፍ ቢልም ጸሐፊው ግን ጠፋ።

የፕሮፌሰር ባዬ ይማም «የአማርኛ ሰዋስው» (1987 ዓ.ም.) ዓይነት መጽሐፍ በመምህሩ እጅ መኖር አለበት፤ ችግሩን ለይቶ የሚጠራው ያን ሲያውቅ ነውና። መጽሐፉን እንዳለ ወደ ተማሪው ደብተር መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በኔ በኩል ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ይህን እንድንሞክር ሐሳብ አቀርባለሁ፦ መጀመሪያ ይጻፉ፤ ከጽሑፋቸው ደጋግሞ የታየውን አንድ ችግር ብቻ እንምረጥ፤ በራሳቸው ዓረፍተ ነገር እናሳያቸው፤ ከዚያ መልሰው ይጻፉት። ሌላው ስህተት ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ።

አበው «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ስለ ሰዋስውም ስናወራ ከአያያዛችን ብንጀምር መልካም ነው።