ጨረቃን የሣለ ሰውና ሚስቱ

እኛ በጉባ ቆላ ወበቁ እንቅልፍ በሚነሣን ሌሊት ጨረቃን አሻቅበን ስናይ፥ ካህኑ በባሕረ ሐሳብ ፋሲካን፥ ሙስሊሙም በመታየቷ ጾሙን እንደሚያውቅባት እንነጋገራለን። ፊቷን መርምሮ ለመሣል ሌሊቱን የሰጠ ሰው መኖሩን ግን የሰማን ጥቂቶች ነን።

ይህ ሰው ዮሐንስ ሔቬሊዩስ ይባላል። ዛሬ ግዳንስክ በምትባለው በፖላንድ የባሕር ዳር ከተማ በዳንሲግ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1611 ዓ.ም. ተወለደ። መተዳደሪያው ቢራ መጥመቅ ሲሆን፥ በኋላም የከተማው አማካሪ ሆነ። ቀን ሥራውን ሲሠራ ውሎ ሌሊት ከቤቱ ሰገነት ላይ በመነጽር ጨረቃን ይመረምር ነበር። ያየውንም በገዛ እጁ በመዳብ ላይ ቀርጾ በ1647 የጨረቃን ካርታ በመጽሐፍ አወጣ። አልፕና አፔኒን ብሎ የሰየማቸው የጨረቃ ተራሮች ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ሁለተኛ ሚስቱ ኤልሳቤጥ ከርሱ ጋራ እየተጋች ከዋክብትን ትለካ ነበር። በ1679 እሳት መሣሪያዎቹንና መጻሕፍቱን በላ። እርሱም በ68 ዓመቱ እንደ ገና አሠርቶ ምርመራውን ቀጠለ። በ1687 ሲሞት ሳይታተም የቀረውን የከዋክብት መዝገብ በ1690 ያሳተመችው ኤልሳቤጥ ናት።

እኛም መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች፥ የሚያውቀው ወራሽ ያላገኘ ጽሑፍ የምስጥ ቀለብ እንደሚሆን አይተናል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ማታ መጽሐፍ ስትገልጥ ሚስትህንና ልጆችህን ከመብራቱ አጠገብ አስቀምጣቸው።