«ፈርሚ!» አላት፤ እሷ ግን መሬቱን ልይ አለች

ከባሕር ዳር ተነስተን በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ስንሻገር ጓደኛዬ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ነበር። ብር እንዳይመስላችሁ፤ ወረቀት ነው። ሁለት ገጽ ተኩል «ቅድመ ውል»!

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ አዲስ አበባ አራት ዓመት ሠርታ ያጠራቀመቻትን ይዛ ለእናት አባቷ ሐሙሲት ላይ ተገጣጣሚ ቤት ልታስተክል ነው። ሻጩ «30 በመቶ ክፈይ፣ ፈርሚ፣ በሦስት ወር ቁልፍ ትረከቢያለሽ» ብሏታል። ፎቶውን በስልኩ አሳይቶናል። እውነቱን ለመናገር ቤቱ ያምራል፤ እኔም ጎምጅቻለሁ።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ሦስት ሰው ጠይቀን ነው የወጣነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ከተነሳ ወዲህ ይሄ ልማድ ሆኗል። ሐሙሲት የመንታ መንገድ ከተማ ናት፤ ቀጥ ካላችሁ ወረታ፣ ወደ ቀኝ ከታጠፋችሁ አንበሳሜና እስቴ። ቤቶቿ አብዛኞቹ በባሕር ዛፍ ቆመው፣ በጭቃ ተመርገው፣ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው።

አባቷ ቦታውን አሳዩን። ከከተማዋ ዳር፣ ሜዳው የሚጀምርበት ላይ ነው። በጋ ስለነበር መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጄን ብሰደው እስከ አንጓዬ ገባ... ዋልካ! ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሸሻል። ፎገራን የሩዝ አገር ያደረጋት ይኸው ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር ነው። ለሩዝ በረከት፣ ለቤት ግን መከራ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ፎገራና ሊቦ ከምከም ውስጥ ጎርፉ ስንቱን ከቤቱ እንዳፈናቀለ አባቷ አልረሱትም።

«ልጄ፣ ይሄ አፈር ይተነፍሳል» አሏት።

ጎረቤታቸው አናጢ ናቸው። የቤቱን ፎቶ አገላብጠው አዩና «ቅለቱ ጥሩ ነው» አሉ። «ግን የጭቃ ቤት ሲሰነጠቅ በጭቃ እመርገዋለሁ። የዚህ መጋጠሚያ ሲላቀቅ በምን ልምረገው?»

መልስ አልነበረንም።

ቡና እየተፈላ ወረቀቱን ዘርግተን አነበብን። መጀመሪያ ሻጩ ሲያነብልን ፈጥኖ ያለፋት አንዲት መስመር አለች፦ «መሠረትና የቦታ ዝግጅት የደንበኛው ኃላፊነት ነው»። ወገኖቼ፣ ዋልካ ላይ ትልቁ ወጪ እኮ እሱ ነው! ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ ማውጣት፣ በሰሌክት ሞልቶ መጠቅጠቅ፣ ከዚያ ድንጋይና ኮንክሪት... የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ተቋራጩን ለ10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ ቤቱ በአፈሩ ጠባይ ቢጎዳ እንኳ ተጠያቂ ነው፤ ዘመኑን የሚያሳጥር ቃልም ዋጋ የለውም። ታዲያ መሠረቱን ደንበኛው ከሠራው ነገ ግድግዳው ሲሰነጠቅ «መሠረትሽ ነው» እንደሚሏት አትጠራጠሩ።

ሁለተኛው ቀብዱ ነው። 30 በመቶውን ውሉ «ቀብድ» ይለዋል። በሕጉ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለ ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ይቺ ወረቀት የመጀመሪያውን እንዳለ ጽፋ ሁለተኛው ጋ ስትደርስ «የተቀበለውን ብቻ ይመልሳል» ትላለች። ብልጠት! ያውም መንገድ ቢዘጋ ድርጅቱ አይጠየቅም፤ ብሩ መቼ እንደሚመለስ ግን አንድም ቃል የለም።

አክሰስ ሪል ስቴት ላይ ቅድሚያ ከፍለው ቤት ሳያዩ ዓመታት የጠበቁትን ሰዎች ወሬ በ2005 ዓ.ም. ሰምተን «እንዴት ሳያነቡ ፈረሙ?» እንል ነበር። እኛም ለጥቂት ነው ያመለጥነው።

እዚያው ደወለችለት።

«መሠረቱን እናንተው ትሠራላችሁ?»

«እሱ የኛ ሥራ አይደለም እህቴ።»

«እንግዲያው ነሐሴ ላይ መጥታችሁ መሬቱን እዩት። ቀብዱም ለሁለታችን እኩል ይጻፍ። ያኔ እፈርማለሁ።»

«ዋጋው ይጨምራል እኮ!»

«ይጨምር።»

ስልኩን ዘግታ ቡናዋን ጠጣች፤ እጇ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሁለት ሳምንቱ ዋጋው እውነትም ጨመረ። አባቷ ግን አልጠበቁም። ከአናጢው ጋር ተነጋግረው ጉድጓድ ማስቆፈር ጀምረዋል፤ ቤቱ ምን ዓይነት እንደሚሆን ገና አልተወሰነም። ጓደኛዬ የአዲሱን ዋጋ ዝርዝር ባየች ቁጥር «ያን ቀን ባትከተዪኝ ኖሮ ፈርሜ ነበር» ትለኛለች። ምስጋና ይሁን ወቀሳ እስካሁን አልገባኝም።