የወሎ ፈርጥ በአትላንታ

አትላንታ በሚደረጉ የማዕድንና የጌጣጌጥ ትርዒቶች ላይ «ወሎ» የሚል ጽሑፍ ብታዩ አትደነቁ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደላንታ ውስጥ፣ በወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ነው። ሻጩ ግን ወሎ አገር መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

እኔን የገረመኝ ከድንጋዩ ይልቅ ሙያው ነው። ቀራጩ ድንጋዩን በዘንግ ጫፍ አጣብቆ፣ ውሃ በሚንጠባጠብበት የአልማዝ ሞረድ ላይ ከሸካራው ወደ ለስላሳው እየቀያየረ ይሞርደዋል፤ ላዩን እንደ ጉልላት ያጎብጠዋል። የወሎው ደግሞ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ሲጠጣ እንደ መስተዋት ይጠራና ቀለሙ ይጠፋል። ቸኩሎ በሙቀት ሊያደርቀው የሞከረ ሰንጥቆት ቁጭ ይላል። ቀናት ለታገሠው ግን አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ ይመለስለታል።

ይህ ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው የት ነው? ሕንድ አገር፣ ጃይፑር ከተማ። ገደል ላይ ዋሻ እየፈለፈለ ነፍሱን ለአደጋ የሚሰጠው የደላንታ ገበሬ የሚደርሰው የጥሬው ዋጋ ነው።

ከአትላንታ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ቢነዱ፣ ያንግ ሃሪስ ላይ ዊልያም ሆላንድ የተባለ ትምህርት ቤት ይህንኑ ሙያ በሳምንት ኮርስ ያስተምራል። ጡረተኛው አሜሪካዊ ለጊዜ ማሳለፊያ ይማረዋል። እኛስ? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ ሆነና ነው እንጂ፣ ከመካከላችን ሁለት ሦስት ወጣቶች ተምረው ለደላንታ ልጆች ቢያስተምሩ፣ ከምናዋጣው ብዙ ገንዘብ የበለጠ ይሠራ ነበር።