ሙሳፊር መቼ ይግባ?
ከጂዳ እስከ ቢቸናና ሞጣ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም።



ከቤቱ ርቆ የሄደ ሰው ሁሉ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ «መቼ ትመጣለህ?» የሚል። ሐጅ ወይም ዑምራ የሄደ ወገናችን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ በአውሮፕላን ቲኬቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ነው። ቤቱ ቢቸና ወይም ሞጣ ለሆነ ሰው ግን ይህ የመልሱ ግማሽ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ አዲስ አበባ አድርሶት ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ወደ ቢቸና 265 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ሞጣ ደግሞ 370 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ። በመካከሉም የዓባይ በረሃ ተጋድሟል።

መርከቡ ምጽዋ ሲደርስ

አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት ከደጋው ሀገር ለሐጅ የሚወጣ ሙስሊም ቀይ ባሕርን የሚሻገረው በጀልባና በመርከብ ነበር። ከጎጃም የሚነሳው የነጋዴ መንገድ ከባሶ ገበያ ተነስቶ በጎንደርና በዓድዋ በኩል ምጽዋ ይወርዳል። በዚህ መንገድ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ከምጽዋ ባሕሩን ተሻግሮ ጂዳ ነው።

ሐጁን ፈጽሞ የተመለሰው ሰው ከመርከብ ሲወርድ ጉዞው አላለቀም፤ ከባዱ ሒሳብ ገና መጀመሩ ነው። ወሩ ክረምት ከሆነ ተከዜም ዓባይም ሞልተዋል። ቅፍለት ደግሞ ወንዝ እስኪጎድል ይቆማል እንጂ ከጎርፍ ጋር አይታገልም። ስለዚህ ምጽዋ የገባበት ቀንና ቤቱ የገባበት ቀን በወራት ሊራራቁ ይችሉ ነበር። ሞጣ አቅራቢያ በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ የዚያን ዘመን ችግር ያስታውሰናል። ድልድዩ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ወገቡ ከተቆረጠ በኋላ ሰዎች በገመድ እየተሳቡ ይሻገሩበት ነበር።

የሂጅራው ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያንስ ሐጅ በየወቅቱ ይዘዋወራል። በ2009 ዓ.ም. ዒድ አል-አድሓ የዋለው ነሐሴ 26 ቀን ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን ግንቦት 29 ቀን ዋለ። የፊተኛው ዓመት ሐጃጅ የተመለሰው በክረምቱ መውጫ ሲሆን የኋለኛው ግን ክረምቱ ሲገባ ነው። እንግዲህ የመመለሻ ቀን ሲታሰብ የጨረቃውን ወር ከሀገራችን ዝናብ ጋር አብሮ ማየት ዛሬም ተገቢ ነው።

ሁለት ሐዲሶች፣ አንድ ትምህርት

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ጉዞ የስቃይ ክፍል መሆኑን፣ ምግብን፣ መጠጥንና እንቅልፍን እንደሚያጓድል አስተምረዋል። የሄደበትን ጉዳይ የጨረሰ ሰውም ወደ ቤተሰቡ እንዲፈጥን አዘዋል። ከጃቢር በተላለፈው ሐዲስ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የራቀ ሰው በሌሊት ድንገት ቤተሰቡ ላይ እንዳይገባ ከልክለዋል።

አንዱ «ፍጠን» ሲል ሌላው «ቆይ» የሚል ይመስላል። ነገር ግን አይጋጩም። የመጀመሪያው ሐዲስ ሚስትና ልጆች በናፍቆትና በሥጋት እንዳይቆዩ ያዛል። ሁለተኛው ደግሞ የቤት ሰው ሳይዘጋጅና ሳያስበው እንዳይደነግጥ ይጠብቀዋል። ሁለቱም የሚያስቡት ለሚጠብቀው ቤተሰብ ነው። የመምጣቱን ሰዓት አስቀድሞ ያሳወቀ ሰው በሌሊት ቢገባ ችግር እንደሌለው ዑለማዎች አብራርተዋል። ስልክ የሚሠራ ከሆነ አንድ ጥሪ ይህን ሐቅ ይወጣል ማለት ነው።

ከደጃፍ ወደ ኋላ መቁጠር

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ከአውሮፕላኑ ተነስተን ወደ ቤት ስለምንቆጥር ነው። ከቤታችን ደጃፍ ተነስተን ወደ ኋላ መቁጠር ይሻላል።

የቢቸናውን እንመልከት። ሙሳፊሩ ለዐስር ሶላት ቤቱ መድረስ ቢፈልግ፣ በበረሃው ቁልቁለትና ዳገት የሚባክነውን ጊዜ ጨምሮ ጎህ ሲቀድ ከአዲስ አበባ መነሳት አለበት። ጎህ ሲቀድ ለመነሳት ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ አዲስ አበባ መገኘት ያስፈልጋል። ከጂዳ አዲስ አበባ በረራው ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ነገር ግን ሻንጣ መጠበቁና የጉዞ ጓድ መሰብሰቡ ቀኑን ይበላዋል። እኩለ ቀን ላይ አርፎ ያንኑ ዕለት ወደ በረሃው መውረድ ሌሊቱን በመንገድ ላይ መጥራት ነው። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ግን ጉዞውን ያቀናል።

የሞጣው ሰው ሁለት አማራጭ አለው። በየብስ ቢመጣ ሙሉ ቀን ይፈጅበታል። በአውሮፕላን ባሕር ዳር ቢወርድ በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ይህን የመረጠ ሰው የጧቱን በረራ ይያዝ፤ የከሰዓቱ በረራ ጨለማ ላይ ይጥለዋል። ሞጣ ራሷ በዓለም የአየር ማረፊያዎች ዝርዝር «ኦ.ቲ.ኤ.» የሚል መለያ አላት፤ መደበኛ በረራ ግን የላትም።

ለሐጃጅ ሌላም የሚቆጠር አለ። በሱረቱል በቀራህ እንደተገለጸው በሁለት ቀን የሚቻኮልም ሆነ የሚዘገይ ወንጀል የለበትም። የሚቻኮለው በዙል-ሒጃ 12ኛው ቀን ጠጠሩን ወርውሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሚና ይወጣል። በሚና እያለ ከጠለቀችበት፣ በብዙዎቹ ዑለማዎች አስተያየት፣ አድሮ በ13ኛው ቀን ይወረውራል። ጠዋፈል ወዳዕም በመካ የመጨረሻው ሥራ መሆን አለበት፤ የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ግን ከእርሱ ነፃ ናት። ከመካ ጂዳ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የቲኬቱን ቀን መምረጥ የሚችል ሰው በ12ኛው ቀን ምሽት ከሚነሳ በረራ ይራቅ፤ ዒባዳው ከቲኬቱ ጋር እንዲሽቀዳደም አያድርግ።

ዓባይን መሻገር

ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሆኖም መኪናው ከብርዱ ደጋ ወደ ሙቀቱ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ወርዶ፣ በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ሶሓባው ጃቢር ሲዘግቡ፣ ሶሓባዎች ሽቅብ ሲወጡ ተክቢራ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ተስቢሕ ያደርጉ ነበር። ለዚህ ሱና ከዓባይ በረሃ የሚሻል መንገድ ከየት ይገኛል? ልጆቻችንን ይዘን ስናልፍ ብናስለምዳቸው መንገዱም ያጥርላቸዋል፤ ሱናውንም አይረሱትም።

ደጀንን ካለፉ በኋላ መንገዱ ይከፈላል። ቀኙን የያዘ የጤፉን ማሳ ግራና ቀኝ እያየ ወደ በላይ ዘለቀ ሀገር፣ ወደ ቢቸና ይገባል። ከዚያም በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ ይደርሳል።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ይህን መንገድ ደጋግሞ ዘግቶታል። ስለዚህ የዘመናችን ሙሳፊር እንደ ጥንቱ ቅፍለት «ወንዙ እስኪጎድል» መጠበቅን መማር ሊኖርበት ነው። ከመነሳቱ በፊት ስለ መንገዱ ይጠይቅ። ለጥቂት ቀናት ማደሪያ የሚሆን ገንዘብ ሳይነካ ያስቀር። ሾፌሩን «በሌሊት ግፋ» ብሎ አያስጨንቅ። ሁለት ቀን ዘግይቶ በሰላም የገባ አባት ለልጆቹ ከስጦታው ሁሉ ይበልጣል።

መጀመሪያ መስጊድ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከጉዞ ሲመለሱ በመስጊድ ጀምረው ሁለት ረከዓ ይሰግዱ እንደነበር ከዕብ ኢብኑ ማሊክ ዘግበዋል። ይህ ሱና በሞጣ ለተወለደ ሰው የተለየ ስሜት አለው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በዕለተ ጁሙዓ የሞጣ መስጊዶች በእሳት ጋዩ። የሙስሊሞች ሱቅና ንብረትም ወደመ። በዚያ ሰሞን ወደ ሞጣ የተመለሰ ሙሳፊር ሁለቱን ረከዓ የት ይስገድ? ምድር ሁሉ ለዚህ ኡማ መስገጃ ተደርጋለችና ሶላት የሚከለክል እሳት የለም። ቢሆንም ልብ ያዝናል። ከየሀገሩ ያሉ ሙስሊሞች ለመልሶ ግንባታው እጃቸውን ዘረጉ። ድርጊቱን ያወገዙ ክርስቲያን ወገኖችም ነበሩ።

ስለዚህ «መቼ ትመጣለህ?» ለሚለው ጥያቄ የተሟላው መልስ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው፤ «ጉዳዬን ስጨርስ ሳልዘገይ፣ አስቀድሜ አሳውቄ፣ በቀን ብርሃን፣ መጀመሪያ ወደ መስጊድ፣ ኢንሻአላህ»። ቀሪውን አላህ ያውቃል።

አላህ የወጡትን በሰላም ይመልስልን፤ የሚጠብቁትንም በሰላም ያቆይልን። መንገዶቻችንን ይክፈትልን፤ መስጊዶቻችንንና ጎረቤቶቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።