ከቤላ ሻንጉል እስከ ሮም

ዛሬ በአሶሳ ገበያ ዳር ሳልፍ፣ አንድ ተማሪ በማንጎ ጥላ ሥር የተቀመጡትን የበርታ አዛውንት ቃል በስልኩ ሲቀዳ አየሁና አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ትዝ አሉኝ።

እኒህ ኢጣሊያዊ ሊቅ፣ አሜሪካ በሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ደቀ መዝሙር ሳሉ፣ ለዶክትሬት ድርሳናቸው ወደ ወለጋና ቤላ ሻንጉል ተጉዘው፣ የጨውና የወርቁን ንግድ ዜና ከአረጋውያን አንደበት ሰምተው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጡት።

ያ የማዳመጥ ልማድ ይመስለኛል (ከማዕረጋቸው ይልቅ በእሱ እቀናለሁ)፣ በኋላ ዘመናቸው ሮም ላይ፣ በረሃና ባሕር ያቋረጡ ስደተኞች፣ የእኛም ልጆች ጭምር፣ የገዛ ታሪካቸውን የሚተርኩበትን የትዝታ ማኅደር ከመሠረቱት አንዱ ያደረጋቸው።

እናንተስ ወዳጆቼ፣ በተማሪነት የረገጣችሁት ባዕድ አገር ምን ሥራ አወረሳችሁ?

ለመሆኑ የእኛ የአሶሳ ተማሪ ኔፕልስ ወርዶ የኢጣሊያን ገበሬ ታሪክ የሚጠይቀው መቼ ይሆን?